ድንበር፣ ወሰን፣ ጠረፍ፣ ኬላ፦ የአንድ ቃል ታሪክ በሞያሌ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደቡብ 770 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ አሽከርካሪ ሞያሌን አልፎ ወደ ኬንያ ሲገባ አንድ ነገር ማድረግ ግድ ይሆንበታል። እስከዚያ ድረስ ቀኙን ይዞ ይመጣና ከመስመሩ ወዲያ ግራውን ይይዛል። በኢትዮጵያ በቀኝ፣ በኬንያ በግራ መንዳት ሕግ ነውና። ከሁለቱ አገሮች ልዩነት ሁሉ ፈጥኖ ዓይን የሚገባው ይኸው ነው። በገበያው የሚሰማው ኦሮምኛና ሶማልኛ፣ የከብቱና የግመሉ ዓይነት፣ የሚጠጣው ሻይ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ነው። የከተማዋ ስም እንኳ አንድ ነው፤ ሁለቱም ሞያሌ ይባላሉ።

እንግሊዝኛ ይህን ሥፍራ «ቦርደር» ብሎ በአንድ ቃል ያልፈዋል። አማርኛ ተናጋሪው ግን እንደ ሥራውና እንደ ሐሳቡ ቃል ይመርጣል። የጭነት መኪና ሹፌሩ «ኬላ ደረስን» ይላል። ወታደሩ ጠረፍ ላይ መሆኑን ለቤተሰቡ ይጽፋል። የሕግ ባለሙያው ስለ ወሰን ይከራከራል፤ ገበሬው ድንበሬ ተገፋ ብሎ ይከሳል፤ በጦርነት ጊዜ የሚነበበው መግለጫ ደግሞ «ዳር ድንበር» የሚለውን ጥምር ቃል ያስቀድማል። እነዚህ ቃላት በመዝገበ ቃላት ውስጥ ጎን ለጎን ቢሰለፉም አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ታሪክ ተሸክመዋል። ከመቶ ዓመት በላይ በዘለቀው የሞያሌ መስመር ታሪክም የትኛው ቃል በማን አፍ ተነገረ የሚለው ጥያቄ የሰውንና የከብትን ኑሮ ሲወስን ኖሯል።

የቃላቱ ዘር

«ወሰን» ከግእዙ «ወሰነ» የወጣ ነው። ከዚያው ሥር ውሳኔ፣ ወሳኝ፣ ውስን የሚሉት ይገኛሉ። ስለዚህ ወሰን ማለት ተቆርጦ የተነገረ ነገር ነው፤ ወሰን ባለበት ሁሉ የወሰነ አለ። ቃሉ ከቤተ መንግሥት ጋር የተጎዳኘውም በዚህ ምክንያት ይመስላል። የሸዋ ገዥ የነበሩት አባት አስፋ ወሰን፣ ልጃቸውም ወሰን ሰገድ ይባሉ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመንም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አልጋ ወራሽ ስማቸው አስፋ ወሰን ነበር። ለመስፍን ልጅ የሚሰጠው ስም ወሰንን የሚሰፋና ለገዥው የሚሰግድ ነገር አድርጎ ያየዋል። በዚህ አነጋገር ወሰን የቆመ ግንብ ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ነገር ነው።

«ድንበር» ግን ከመሬቱ የበቀለ ቃል ነው። መጀመሪያ የሚታወቀው ከማሳ ጋር ነው፤ ድንጋይ ተተክሎበት፣ ቅንጭብ ወይም ቁልቋል በቅሎበት፣ ሽማግሌ ምስክር ሆኖበት የሚኖር የሁለት ጎረቤታሞች መለያ። ድንበር ይገፋል፣ ድንበር ይፈርሳል፣ ድንበር ይታደሳል። የባልንጀራን የድንበር ምልክት የሚያፈልስ ሰው በኦሪት ዘዳግም የተረገመ መሆኑን የገጠሩ ካህን ሲያስተምር ኖሯል። ከዚህ ቃል የሚወጣው ሌላው ቃል ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። ድንበር የሚጋሩ ሰዎች «ድንበርተኛ» ይባላሉ። ድንበርተኛ ከሌላው የተለየ ሰው ብቻ ሳይሆን በመለያው በኩል የተገናኘ ሰው ነው፤ አብሮ ይከሳል፣ አብሮ ይታረቃል፣ በደቦ አብሮ ያጭዳል። ቃሉ ልዩነትንና ጉርብትናን በአንድ አፍ ይናገራል።

«ጠረፍ» ከእነዚህ ሁለቱ ይለያል። በዐረብኛም ጠረፍ ማለት ጫፍና ዳር ማለት ነው። በአማርኛ ጠረፍ መስመር አይደለም፤ ከመሐል አገር ርቆ የሚገኝ፣ ሙቀት፣ ወባ፣ ወታደርና ነጋዴ የሚበዛበት ሰፊ ምድር ነው። ወሰን በካርታ ላይ ይሰመራል፤ ጠረፍ ግን ሰው የሚመደብበት፣ የሚኖርበትና የሚናፍቅበት ሥፍራ ነው። ጠረፍን ጠረፍ የሚያሰኘው ከመሐል የሚመለከተው ዓይን ነው። ሞያሌ ለተወለደ ሰው ሞያሌ ጠረፍ አይደለችም፤ መሐል ናት።

«ኬላ» ደግሞ በር ነው። በጥንቶቹ የጊቤ መንግሥታትና በከፋ ኬላ ማለት የአገሩ መግቢያ በር፣ ዘብ የቆመበትና ቀረጥ የሚከፈልበት ሥፍራ ነበር። በአማርኛም ቃሉ ይህንኑ ትርጉም ይዞ ቆይቷል። ኬላ እንደ ወሰን ዙሪያውን አይከብም፤ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ይቆማል። ከኬላው ግራና ቀኝ ያለው ጫካ የሰዎችና የእንስሳት ነው።

እንግሊዝኛም ቢሆን አንድ ቃል ብቻ አለው ማለት አይደለም። «ቦርደር» ከጥንቱ ፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ የልብስ ጥለትን የመሰለ ጠርዝ ማለት ነበር። «ፍሮንቲር» ከላቲኑ «ፍሮንስ» ማለትም ግንባር ከሚለው ይወለዳል። አማርኛም የሰውን ግንባርና የጦር ግንባርን በአንድ ቃል መጥራቱ የሐሳቡን ቅርበት ያሳያል። «ባውንደሪ» ደግሞ በሕግና በካርታ የተቆረጠውን መስመር ያመለክታል። ስለዚህ የአማርኛው ጥለትና ጠርዝ ከ«ቦርደር»፣ ጠረፍና ግንባር ከ«ፍሮንቲር»፣ ወሰን ከ«ባውንደሪ» ጋር ይቀራረባሉ። ለ«ድንበርተኛ» ግን ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም አቻ አይወልድለትም።

በሞያሌ ዙሪያ የሚነገሩት ሌሎች ቋንቋዎችም የየራሳቸው አላቸው። ኦሮምኛ «ዳንጋ»፣ ሶማልኛ «ሶህዲን» ይለዋል። የስዋሂሊው «ምፓካ» ከሁሉ ይገርማል። ቃሉ ድንበር ማለት ነው፤ ነገር ግን «እስከ» ማለትም ነው። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ የሚል ሰው ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው በዚሁ የድንበር ቃል ነው።

ከቃል ወደ ካርታ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የኢትዮጵያን ወሰን ሲዘረዝሩ እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ድረስ የሚሄድ አገር ጠቅሰው ነበር። ያ ደብዳቤ ወሰንን የተረዳው በአስፋ ወሰን መንፈስ ነው፤ የሚዘረጋ፣ የሚጠየቅና በጉልበት የሚጸና ነገር። በ1889 ዓ.ም. አካባቢ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ቦረናን ከያዘ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ከእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ይዞታ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በቃል ብቻ የሚያልቅ አልሆነም።

እ.ኤ.አ. በ1902 እና በ1903 አርቺባልድ በተር የተባለ እንግሊዛዊ ባዘጋጀው ጉዞ፣ ፊሊፕ ሞድ የተባለው የመሐንዲስ ጦር መኮንን አገሩን ቀይሶ ካርታ አነሣ። ቀያሹ የሚፈልገው ከሩቅ የሚታይና ለዘብ የሚመች የተፈጥሮ ምልክት ነበር፤ ተራራና ገደል። በዚያ ካርታ ላይ የተሰመረው ቀይ መስመር በኅዳር 1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1907) በአዲስ አበባ ለተፈረመው ውል መሠረት ሆነ። መስመሩ ዳዋና ገናሌ ከሚገናኙበት ተነሥቶ፣ በሞያሌ በኩል አልፎ፣ ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ይሄዳል።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መስመሩን በምድር ላይ ለማመልከት ተላከ። የኢትዮጵያ ተወካዮች አብረውት አልነበሩም። ግዊን በየቦታው ከሞድ መስመር የወጣ ለውጥ አደረገ፤ ኢትዮጵያም የግዊንን መስመር አልቀበልም አለች። እንግሊዞች በመስመሩ ላይ የሾሙት ግሪካዊው ፊሊፕ ዛፊሮ ደግሞ በሞያሌ ጣቢያ አቁሞ፣ በአዲስ አበባ በነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ በጆን ሃሪንግተን ስም «ፎርት ሃሪንግተን» ብሎ ሰይሞት ነበር። ስሙ አልጸደቀም፤ ሞያሌ ሞያሌ ሆና ቀረች።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ የቃል ጉዳይ ጎልቶ ይወጣል። ኢትዮጵያ ውሉን ተቀብላለች፤ ምልክቱን ግን አልተቀበለችም። በሌላ አነጋገር ወሰኑ ተወስኗል፣ ድንበሩ ግን አልተተከለም። የሕግ ሰዎች በወረቀት ላይ መወሰንንና በምድር ላይ ችካል መትከልን ለይተው ያያሉ። በአማርኛ ሁለቱም «ማካለል» እየተባሉ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ፤ ይህም ቀላል ስሕተት አይደለም። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ሲፈረም የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አማርኛና ጣሊያንኛ መለያየት የት እንዳደረሰ የሚያውቅ አገር የቃልን ዋጋ ያውቃል። በቅርቡ ዘመንም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተደረገው ጦርነት ከቆመ በኋላ፣ የድንበር ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2002 ወሰኑን በወረቀት ወሰነ። ችካሉ ግን በምድር ላይ ሳይተከል ቀረና ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2007 ምልክቶቹን በካርታ ነጥቦች ብቻ አስቀምጦ ሥራውን ጨረሰ። የሞያሌው ታሪክ ለዚህ ሁሉ የቀደመ ምሳሌ ነበር።

የውሃው ሕግ

የ1907ቱ ውል አንድ ነገር ከሌሎች ብዙ የአፍሪካ ውሎች ይለየዋል። በመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩት ሕዝቦች እንደ ቀድሞው ሁሉ በሌላው ወገን በሚገኘው የግጦሽ መሬት እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል፤ ሲሻገሩ ግን በደረሱበት አገር ሹም ሥር ይሆናሉ። ወደ ውሃ ጉድጓዶችም ሁለቱም ወገኖች ያለ ክልከላ እንዲደርሱ ይደነግጋል። ውሉን የጻፉት ሰዎች ወሰንንና ድንበርን ለይተዋል ማለት ይቻላል። ወሰኑ የመንግሥታት ነው፤ ድንበሩ ግን የድንበርተኞች ነው።

ይህ አንቀጽ ከደግነት ብቻ የመነጨ አይደለም። በቦረና ምድር ውሃ ባለበት ሣር፣ ሣር ባለበት ውሃ ሁልጊዜ አይገኝም። ከብቱ በበጋ ወደ ጥልቅ ጉድጓዶች፣ በክረምት ወደ ራቁት የግጦሽ ሜዳዎች ይነዳል። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ዘጠኝ ተብለው የሚቆጠሩ ሲሆን ዌብና ዱብሉቅ ከእነሱ መካከል ናቸው። እነዚህ ጉድጓዶች ያለ ሕግ አይቀዱም። ጉድጓዱ በቆፈረው ጎሣ ይታወቃል፤ ሆኖም ሌላውም በተራው ያጠጣል። ተራውን የሚያስጠብቀው «አባ ሄሬጋ» የሚባለው ሰው ነው። ወጣቶች በመሰላል ላይ ተደርድረው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። በዚህ ሥርዓት መሠረት ሰውን ከውሃ የሚያግደው የተራው አለመድረስ ነው፤ በሌላ አገር መቆጠሩ አይደለም።

ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፣ በኬንያ በኩል የሚገኘው ኦቦ ይህን ለማየት የሚመች ሥፍራ ነው። ኦቦ ዛሬ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ የምርጫ ክልል ውስጥ ካሉት ዋርዶች አንዱ ነው። ከሶሎሎ ጋር የሚጎራበት የቦረና አርብቶ አደሮች አገር ነው። የኦቦ ሰው መታወቂያው የኬንያ ነው፤ የሚመርጠውም በናይሮቢ ለሚሰበሰበው ምክር ቤት ነው። በየስምንት ዓመቱ የቦረና ታላቅ ጉባኤ ጉሚ ጋዮ በኢትዮጵያ ምድር ሲሰበሰብ ግን የሚወጣው ሕግ ለእሱም ሕግ ነው። ይህ ጉባኤ የሚገኝበት የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ለኦቦ ሰው ወሰኑ አንድ ነው፤ ሕጉ ግን ሁለት ነው።

የውሉ ቃል ግን በምድር ላይ ሁልጊዜ አልተከበረም። የጋዳዱማ ጉድጓዶች የማን ይሁኑ የሚለው ክርክር ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1947 ኢትዮጵያና እንግሊዝ በደብዳቤ ልውውጥ የቀድሞውን ውል ሲያሻሽሉ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ የጋራ ኮሚሽን በምድር ላይ ምልክት ተከለ፤ በመጨረሻም ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላ ሰኔ 2 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 1970) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጆሞ ኬንያታ በሞምባሳ የወሰን ስምምነት ተፈራረሙ። ከ860 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ይህ መስመር በአፍሪካ ቀንድ ከሚገኙት ሁሉ በሰላም ከተቋጩት ጥቂቶቹ አንዱ ነው። ለመቋጨት ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ፍሮንቲርና ሽፍታ

እንግሊዞች በኬንያ በኩል የያዙትን ይህን ሰፊ ምድር «ኖርዘርን ፍሮንቲር ዲስትሪክት» ብለው ጠሩት፤ የሰሜን ጠረፍ አውራጃ ማለት ነው። ስሙ አስተዳደሩን ይገልጻል። አገሩ ያለ ፈቃድ የማይገባበት፣ የማይወጣበት ዝግ አውራጃ ተደረገ። በውስጡም ሶማሌዎችና ኦሮሞዎች የሚለያዩበት ሌላ የግጦሽ መስመር ተሰመረ። ትምህርት ቤትና መንገድ ለመሐሉ አገር ሲሠራ ሰሜኑ በዘብ ሲጠበቅ ኖረ። ጠረፍ የሚለው ቃል እንዲህ ሲነገር አንድን ሕዝብ ለሌላው ሕዝብ መከለያ ያደርገዋል።

ግንባር የሚለው ትርጉምም ሳይደርስ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1940 የጣሊያን ጦር በኬንያ በኩል ያለውን ሞያሌ ያዘ፤ እንግሊዞችም ለቀው ወጡ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1941 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ሜጋን ካስለቀቁ በኋላ ሞያሌም ተመልሳ ተያዘች። ለጥቂት ወራት ይህች ከተማ የዓለም ጦርነት ግንባር ሆና ነበር።

ከአማርኛ ተነሥቶ ያን መስመር የተሻገረው ቃል ግን ሌላ ነው። «ሸፈተ» ከሚለው የተገኘው «ሽፍታ» በኢትዮጵያ ታሪክ ሁለት ፊት አለው። ወንበዴ ማለት ነው፤ ግፍን እምቢ ብሎ ጫካ የገባ ጀግናም ማለት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ካሳ ኃይሉ እያሉ ሽፍታ ነበሩ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ነጻ ስትወጣ በሰሜናዊው ጠረፍ የሚኖሩ በርካታ ሶማሌዎች ከሶማሊያ ጋር ለመቀላቀል ጠየቁ፤ ጥያቄውም ወደ ጦር መሣሪያ ተሻገረ። እስከ 1967 የቆየውን ይህን ጦርነት የኬንያ መንግሥት በዚሁ ቃል ጠራው፤ በታሪክም «የሽፍታ ጦርነት» ተብሎ ቀርቷል። ቃሉ መስመሩን ሲሻገር አንድ ፊቱን ብቻ ይዞ ሄደ። የጀግናው ትርጉም ሞያሌ ላይ ቀረ፤ የወንበዴው ትርጉም ደግሞ መሣሪያ ባልነካው አርብቶ አደር ላይ ሁሉ ተለጠፈ። አንድ ቃል ግማሽ ትርጉሙን ትቶ ሲሄድ ምን ያህል ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በኢትዮጵያም ቢሆን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ «ዳር ድንበር» የሚለው ቃል ሚሊዮኖችን ያነሣሣ ጥሪ ሆነ። ይህ ጥምር ቃል የጠረፉን ዳርና የገበሬውን ድንበር በአንድ ያሥራል። ጎጃም ወይም ወሎ የሚያርስ ሰው አይቶት የማያውቀውን የኦጋዴን አሸዋ እንደ ማሳው ጫፍ አድርጎ እንዲያየው ያደረገው የቃሉ ኃይል ነው።

ክልልና ድንበርተኛ

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከጸደቀ ወዲህ ሌላ ቃል ወደ ፊት መጥቷል። «ክልል» ከ«ከለለ» ይወጣል፤ ከለለ ማለት ጋረደ፣ አጥሮ ጠበቀ ማለት ነው። ይኸው ቃል ከልሎ የሚያስጠልል ጥላንም፣ ከልሎ የሚያግድ አጥርንም ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ በኩል ያለችው ሞያሌ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል የይገባኛል ጥያቄ የተነሣባት ከተማ ናት፤ በዚህም ሰበብ ደም የፈሰሰባቸው ጊዜያት አሉ። በሁለት አገሮች መካከል ያለው መስመር ተቋጭቶ እያለ በአንድ አገር ውስጥ ያለው መስመር ሳይቋጭ መቅረቱ ድንበር ሁልጊዜ የውጭ ጉዳይ እንዳልሆነ ያሳያል።

መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሞያሌ ወታደሮች በሲቪሎች ላይ ተኩሰው ዘጠኝ ሰዎች መሞታቸውን፣ ድርጊቱም በተሳሳተ መረጃ መፈጸሙን መንግሥት በወቅቱ አስታወቀ። በቀጣዮቹ ቀናት ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው መስመሩን ተሻግሮ ኬንያ ገባ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዓለም አቀፍ ሕግ ቋንቋ እነዚህ ሰዎች ወሰን ተሻግረው ስደተኞች ሆኑ። በኬንያ ሞያሌና በሶሎሎ የተቀበሏቸው ሰዎች ግን ብዙዎቹ በአንድ ቋንቋ የሚያነጋግሯቸው፣ በጋብቻና በጎሣ የሚታወቋቸው ነበሩ። ወሰን ያለው ሕግ ስደተኛ ብሎ የመዘገበውን ሰው ድንበር ያለው ሕግ ድንበርተኛ ብሎ ተቀበለው። በቀጣዮቹ ወራት በርካታዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2020) ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ሥፍራ የሚሠሩበትን የሞያሌ የጋራ ኬላ መርቀው ከፈቱ። አሠራሩ ሁለት ጊዜ መፈተሽን በአንድ ጊዜ ለመተካት የታሰበ ነው። ለነጋዴውና ለሹፌሩ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ኬላ በር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በሩ የሚያገለግለው በአስፋልቱ ለሚመጣው ነው። ሰነድ የሌላትን ከብት በጫካው መንገድ የሚነዳው የኦቦ እረኛ በኬላው አያልፍም። የእሱ መብት የተጻፈው በ1907ቱ ውል ላይ ነው፤ እንደ ቀድሞው ሁሉ ይጠቀም በሚለው ቃል ውስጥ።

መንግሥታት ስለዚህ መስመር በተነጋገሩ ቁጥር አንዱን ቃል ከሌላው ማስቀደማቸው አይቀርም። ወሰን ያለ ውሳኔ አይኖርም፤ ኬላም ያለ ዘብ አይቆምም። ድንበር ግን ያለ ድንበርተኛ ትርጉም የለውም። ድርቅ በመጣ ቁጥር የቦረና ከብት ወዲህና ወዲያ ሲነዳ፣ የጉድጓዱም ተራ በአባ ሄሬጋ ሲቆጠር ያለ ካርታና ያለ ፊርማ የሚጸናው ይህ የመጨረሻው ቃል ነው።